ካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ ዓመት ሲጀመር፦ ከዩኒፎርሙ በፊት ምን ይዘጋጅ?

ልጅ አዲስ ትምህርት ቤት ሲገባ ሂሳብ አያስፈራውም። ሂሳቡ ገና አልመጣም። የሚያስፈራው ሌሎቹ ሁሉ የሚያውቁትን ነገር እሱ ብቻ ሳያውቅ መገኘት ነው። ካቶሊክ ትምህርት ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሞልቶታል፤ መቼ እንደሚቆሙ፣ መቼ እንደሚንበረከኩ፣ እጅ የት እንደሚደረግ፣ ጸሎቱ የት ላይ እንደሚያልቅ።

ይህን የምለው ከሁለቱም ወገን ስላየሁት ነው። ለጥቂት ዓመታት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ኋላ ደግሞ የራሴን ሁለት ልጆች ይዤ በር ላይ እንደማንኛውም ወላጅ ቆሜያለሁ።

አንድ ልጅ መቼም አይረሳኝም። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ነው። ክፍሉ በሙሉ ቆሞ «አባታችን ሆይ» እንላለን። «ከክፉ ሁሉ አድነን» ላይ ስንደርስ አሜን ብለን ዝም አልን። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ። «መንግሥት ያንተ ናትና፣ ኃይል፣ ምስጋና...» ብቻውን፣ ጮክ ብሎ፣ ቤቱ እንደለመደው። ከኋላ ሁለት ልጆች ኪኪኪ አሉ። ዓይኑን ሲከፍት ክፍሉ ሁሉ ወደ እሱ ዞሯል። ጆሮው ሲቀላ አየሁት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በጸሎት ሰዓት ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም።

ልጁ ምንም አልተሳሳተም። ያ ማሳረጊያ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የጸሎቱ ክፍል ነው። የላቲን ሥርዓት (የሮምን የጸሎትና የቅዳሴ ልማድ) የሚከተሉ ካቶሊኮች ግን ከቅዳሴ ውጭ ሲጸልዩ «ከክፉ አድነን» ላይ ያቆማሉ። በቅዳሴ ጊዜ ደግሞ ካህኑ እዚያ ላይ አንድ አጭር ጸሎት ያስገባል፣ ከዚያ ሕዝቡ «መንግሥት ያንተ ናትና» ይላል። የቀረ ነገር የለም፤ ቦታው ነው የተለየው። ይህቺን አንድ ነገር ቤት ውስጥ ቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር ያ ልጅ ሁለት ሳምንት ባልተሰቃየ።

እንግዲህ ስለ ደብተርና እርሳስ አልጽፍም። ያንን ትምህርት ቤቱ ዝርዝር ይሰጣችኋል። ስም ጻፉበት፣ በተለይ ሹራቡ ላይ፣ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው የላቲን ሥርዓትን ነው። የምሥራቅ ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊኮችም አሉ፣ እነሱ ዘንድ አንዳንዱ ነገር ይለያል። ዓመቶቹና ወሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወረቀቱን ዛሬ ጀምሩ

ብዙ ወላጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ከጠየቃችሁ (ቦታ ሲጠብ ለካቶሊክ ልጆች ቅድሚያ የሚሰጡት ይጠይቃሉ፣ ለመጀመሪያ ቁርባን ዝግጅትም ይፈለጋል) ወረቀቱ የሚወጣው አሁን ከምትሄዱበት ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) አይደለም። ልጁ ከተጠመቀበት ቁምስና ነው። መዝገቡ የሚኖረው እዚያ ነው፤ ልጁ አድጎ ሜሮን ሲቀበል፣ ሲያገባ፣ ሁሉም ተመልሶ እዚያው መዝገብ ላይ ይጻፋል። ከተማ ወይም አገር ከቀየራችሁ ታዲያ ደብዳቤው ሄዶ እስኪመለስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለሁለተኛው ልጄ ዘግይቼ መዝገብ ቤት በር ላይ ስለማመጥ የነበረኝን ፊት ባላስታውሰው ይሻላል።

የወላጆች መመሪያውንም አንብቡት። ስለ ክፍያና ስለ ሰዓት የተጻፈውን ሁሉም ያነባል። እናንተ ስለ ሃይማኖት ትምህርት የተጻፈውን ፈልጉ። ለሁሉም ልጅ ግዴታ የሆነው ምንድን ነው? በፈቃድ የሚሆነውስ? ቅዳሴ በየስንት ጊዜው ነው፣ በስንት ሰዓት? መመሪያው ካልመለሰላችሁ ዳይሬክተሩን ወይም የሃይማኖት ትምህርት ኃላፊውን ጠይቁ። ትምህርት በተጀመረ በስድስተኛው ወር ከመጨቃጨቅ በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅ ይቀላል።

አስተማሪዎቹ ሁሉ መነኮሳት ናቸው ብላችሁ ከጠበቃችሁ ደግሞ ትገረማላችሁ። ዛሬ በአብዛኛው ካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት እንደ እኔና እንደ እናንተ ባለ ትዳር፣ ባለ ልጅ ምእመናን ናቸው። አንዲት ሲስተር ቢሮ ውስጥ፣ አንድ አባ በሳምንት አንዴ ብቅ የሚሉ ከሆነ ያ የተለመደ ነው። ልጁ እነሱን እንዴት እንደሚጠራ ግን ቀድማችሁ ንገሩት፤ አንዳንዱ ልጅ አባን «ቲቸር» ብሎ ጠርቶ ሲታረም ያፍራል።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰውዬ ማን ነው?

ይሄ ምክር ከሌላ ቦታ አትሰሙትም ይሆናል፣ እኔ ግን ከምንም በላይ ጠቅሞኛል። ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው ማኅበር የትኛው እንደሆነ እወቁና ስለ መሥራቹ አሥር ደቂቃ አንብቡ። ብዙ ጊዜ ፎቶው ወይም ሥዕሉ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። ትምህርት ቤቱ ልጅ ሲያጠፋ እንዴት እንደሚይዘው፣ ጠዋት እንዴት እንደሚጀምር፣ በምን ቀን ትልቅ በዓል እንደሚያከብር፣ ከዚያ ሰውዬ ታሪክ ብዙ ይገባችኋል።

ለምሳሌ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላ ሳል። በ1651 በፈረንሳይ በሬምስ ከተማ ተወለደ፣ በ1719 ሞተ። ሀብታም ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ካህን ነው። የድሃ ልጆችን አንድ በአንድ ከማስተማር ይልቅ በክፍል ሰብስቦ ማስተማርን አስፋፋ፣ ንባብም ከላቲን ሳይሆን ልጆቹ ከሚናገሩት ከፈረንሳይኛ እንዲጀመር አደረገ። በ1950 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የአስተማሪዎች ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ ብለው ሰየሙት። በእሱ ማኅበር ትምህርት ቤቶች ጸሎት ሲጀመር አንዱ «በቅዱሱ አምላክ ፊት መሆናችንን እናስታውስ» ይላል፣ ክፍሉ ለአፍታ ጭጭ ይላል። ልጃችሁ ያን ዝምታ ቀድሞ ካወቀው ግራ ገብቶት ዙሪያውን አይቃኝም።

ወይም ዮሐንስ ቦስኮ፣ 1815 እስከ 1888፣ በጣልያን ቶሪኖ። ሥራው ከጎዳና ልጆች ጋር ነበር። ዘዴው በሦስት ነገር ይቆማል፤ ማስረዳት፣ ሃይማኖት፣ ርኅራኄ። ልጁ ካጠፋ በኋላ ከመቅጣት ይልቅ እንዳያጠፋ አብሮ መዋል። የእሱ ማኅበር የሳሌዥያኖች ትምህርት ቤት ከሆነ አስተማሪው በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ከልጆቹ ጋር ኳስ ሲያባርር ብታዩት ሥራ ፈቶ አይደለም። ጥር 31 ቀን ደግሞ በዓሉ ስለሆነ ቤት ውስጥ ጨዋታና ውድድር ይወራል፣ ተዘጋጁ።

የኡርሱላውያን ትምህርት ቤት ከሆነ በ1535 በጣልያን በብሬሻ ከተማ ማኅበሩን የመሠረተችው አንጄላ ሜሪቺ ናት። የሴት ልጆች ትምህርት ነው ዋና ጉዳያቸው። ፒያሪስቶች ከሆኑ ደግሞ በ1597 ሮም ውስጥ ለድሃ ልጆች ነፃ ትምህርት ቤት የከፈተው ዮሴፍ ካላሳንስ አለ። ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም። የእናንተኛውን ብቻ እወቁ። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን ልጃችሁን እጁን ይዛችሁ ሥዕሉ ጋ ስትደርሱ «ይሄ ልጆችን በጣም ይወድ ነበር» ማለት ትችላላችሁ። ግድግዳው ላይ አንድ የሚያውቀው ሰው አገኘ ማለት ነው።

ሁለት ጸሎት ይበቃል

ከትምህርት መከፈት በፊት ባለው ሳምንት ልጁን ሰባት ጸሎት በቃሉ አታሸክሙት። አይሆንም፣ ይጠላዋል። ማማተብና «አባታችን ሆይ» ይበቃሉ። ሦስተኛ ከጨመራችሁ «ጸጋ የሞላብሽ ማርያም ሆይ» ይሁን። የምግብ ጸሎቱን፣ የጠባቂ መልአኩን ጸሎት፣ የቀረውን ሁሉ ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ጋር በሁለት ሳምንት ይለምደዋል። ልጅ በመንጋ ሲያጠና ፍጥነቱ ጉድ ነው።

ማማተብ በቀኝ እጅ ነው፤ ግንባር፣ ደረት፣ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ትከሻ። አንድ ብልሃት ላካፍላችሁ። ፊት ለፊቱ ቆማችሁ አታሳዩት። ልጅ እንደ መስታወት ነው የሚቀዳው፣ በግራ እጁ ተገልብጦ ይማራል። ከኋላው ቆማችሁ እጁን ይዛችሁ አሳዩት፣ ወይም ሁለታችሁም መስታወት ፊት ቁሙ። አንደኛ ክፍል ሳስተምር በየዓመቱ አምስት ስድስት «ግራኝ አማታቢ» ይመጣልኝ ነበር። ቤት ያስተማሩት ፊት ለፊት ቆመው እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ።

ቤተ ጸሎቱን ባዶ ሳለ አሳዩት

ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ በፊት አንድ ቀን ጠይቃችሁ ልጁን ወደ ቤተ ጸሎቱ ውሰዱት። ሰው በሌለበት። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

በር ላይ ያለውን የተባረከ ውኃ ጣቱን ነክሮ ያማትብበት። ፊት ለፊት የምትበራውን ትንሿን መብራት፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ናት፣ አሳዩት። ቁርባኑ በታቦተ ቁርባኑ፣ ማለት በሚቀመጥበት ሣጥን፣ ውስጥ እንዳለ የምታሳይ መብራት ናት፣ ለዚህ ነው ሰው በፊቷ ሲያልፍ የሚሰግደው። በቀኝ ጉልበት መስገድ ለስድስት ዓመት ልጅ ከባድ ስፖርት ነው። ይወድቃል። የወንበሩን ጫፍ ይዞ ይለማመድ።

መስቀሉንም ያኔ ያየው። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙ ጊዜ መስቀሉ ባዶ አይደለም፣ የተሰቀለው የክርስቶስ አካል አለበት፤ አንዳንዱ ሐውልት ደሙ፣ ቁስሉ፣ የሾህ አክሊሉ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አዋቂ ለምዶት አያየውም። ልጅ ያየዋል። አንዲት ተማሪዬ በመጀመሪያው ቅዳሴ መሀል ቀሚሴን ጎትታ «ሰውዬው ደምቷል፣ ለምን አያወርዱትም?» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሁለት መቶ ልጆች ዝማሬ ውስጥ ሆኜ ምን ልመልስ? ቤት ውስጥ፣ በእርጋታ፣ «ይሄ በአንድ ቀን የሆነ ነገር ነው፣ ከዚያ ተነሥቷል» የሚላት ሰው ነበር የሚያስፈልጋት።

የመጀመሪያው ቅዳሴ

ብዙ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ዓመቱን የሚከፍቱት በመንፈስ ቅዱስ ቅዳሴ ነው። በተለይ ከኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ናቸው) ትምህርት ቤቶች ጋር የተቆራኘ ልማድ ነው። ካህኑ ቀይ ልብስ ይለብሳል፣ የጰራቅሊጦስ እሳት ምልክት ስለሆነ። ልጆች ቀለም ያስተውላሉ፣ «ለምን ቀይ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ መልሱን ያዙ።

ልጁ ማወቅ ያለበት ብዙ አይደለም። ንባብ ሲነበብ እንቀመጣለን። ወንጌል ሲነበብ እንቆማለን፤ ከዚያ በፊት በአውራ ጣት ግንባር ላይ፣ ከንፈር ላይ፣ ደረት ላይ ሦስት ትናንሽ መስቀል እናደርጋለን፣ ቃሉ በሐሳቤም በአፌም በልቤም ይሁን ለማለት። ካህኑ ኅብስቱንና ጽዋውን ሲባርክ እንንበረከካለን። ከጠፋው ከፊቱ ያለውን ልጅ ይመልከት። እኔ እንኳ አስተማሪ ሆኜ አንዳንዴ ያን ነበር የማደርገው።

ዋናው ጭንቀት የቁርባን ሰልፉ ነው። ያልቆረበ ልጅ ምን ያድርግ? ብዙ ቦታ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይሰለፋል፣ ካህኑ ይባርከዋል። ሌላ ቦታ ቦታው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የእናንተ ትምህርት ቤት የቱን እንደሚያደርግ ጠይቁና ለልጁ አንዴ አሳዩት። ለቆረቡት ልጆች ደግሞ አንድ ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ፤ ከመቁረብ በፊት አንድ ሰዓት ከምግብ መጾም ግድ ነው። ውኃና መድኃኒት ይፈቀዳል። ቅዳሴው ከእረፍት ሰዓት ቀጥሎ ከሆነ መክሰሱ የሚበላው በኋላ ነው ማለት ነው፣ እንግዲህ ቁርሱን በደንብ አብሉት።

ካቶሊክ ካልሆናችሁ

በብዙ አገር ካቶሊክ ትምህርት ቤት ከሌላ ሃይማኖት ልጆችን ይቀበላል። አንዳንዱ ጋ እንዲያውም የሚበዙት እነሱ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ልጃችሁን ካቶሊክ ሊያደርግ አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ማንም በግድ እንዳያምን ወይም ከእምነቱ ውጭ እንዲያደርግ እንዳይገደድ አውጃለች። የሃይማኖት ትምህርቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማንኛውም ትምህርት ለሁሉም ይሰጣል፣ ፈተናም ሊኖረው ይችላል። ይህን ካልፈለጋችሁ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ፣ ገብታችሁ አትጣሉ። ይሄ የኔ አስተያየት ነው።

ለልጁ የምትሉት ይሄን ነው፤ «እነሱ ሲጸልዩ በአክብሮት ቁም። የምናውቀውን ጸሎት ከሆነ አብረህ በል። እኛ የማናደርገውን አታድርግ፣ ማንም አይቆጣህም።» ቁርባን አይቀበልም፣ ይህን በግልጽ ንገሩት፤ ልጆች ጓደኛቸውን ተከትለው ሰልፍ ውስጥ ይገባሉና። ለአስተማሪውም በጽሑፍ አንድ መስመር ላኩ። እኔ እንዲህ ያለች ብጣሽ ወረቀት የሰጡኝን ወላጆች ሁሉ እወዳቸው ነበር። ምንም ሳይሉ ቆይተው በዓመቱ መጨረሻ የሚናደዱትን ግን... ይቅር።

ሁለተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ካላችሁ

ይሄ ዓመት ከሌሎቹ ይለያል። በብዙ ቦታ የመጀመሪያ ኑዛዜና የመጀመሪያ ቁርባን የሚደረገው በሰባት ስምንት ዓመት ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ ልጆች እስከ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ ከዚያም በላይ ይጠብቁ ነበር። በ1910 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ ልጅ ተራውን ኅብስት ከቁርባኑ ለይቶ ካወቀ ይበቃዋል፣ ያም ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ነው አሉ። ኑዛዜው ከቁርባኑ ይቀድማል።

አሁን መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፤ ዝግጅቱን የሚሰጠው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ወይስ ቁምስናው? ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው መስሏቸው ቁምስናው ምዝገባ ዘግቶ የቀሩ ወላጆች አይቻለሁ። ሁለቱም የሚሰጡበት ቦታም አለ፣ የእሁድ ቅዳሴ ፊርማ የሚጠየቅበትም አለ። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ልጁን የማዘጋጀት ግዴታ በመጀመሪያ የወላጅ ነው፣ ቀጥሎ የቆሞሱ፣ የቁምስናው ኃላፊ ካህን። ትምህርት ቤቱ ያግዛል። ስለ ነጭ ልብሱ ማሰብ ከጀመራችሁ ገና ነው፣ አስቀምጡት።

ካላንደሩን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት

ካቶሊክ ትምህርት ቤት በሁለት ካላንደር ነው የሚሄደው። አንደኛው የትምህርት፣ ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን። ትምህርት በመስከረም የሚጀመርበት አገር ከሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ነው የምትገቡት፤ ጥቅምት የመቁጠሪያ ጸሎት ወር ነው፣ ጥቅምት 4 የቅዱስ ፍራንቼስኮ ቀን ስለሆነ አንዳንድ ትምህርት ቤት የቤት እንስሳት ይባረካሉ (ውሻችሁ ከሰው ጋር ካልተስማማ ፎቶው ይበቃል)፣ ኅዳር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ኅዳር 2 የሙታን መታሰቢያ። ከዚያ ከገና በፊት ያሉት አራት እሁዶች ይመጣሉ፣ አራት ሻማ ያለው ክብ ጉንጉን ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ሦስቱ ሐምራዊ አንዱ ሮዝ። በደቡቡ የዓለም ክፍል፣ እንደ አውስትራሊያ ባለው፣ ትምህርት የሚጀምረው በጥር መጨረሻ ገደማ ስለሆነ ልጁ ገና ቦርሳውን ሳይለምድ ዐቢይ ጾም ሊገባበት ይችላል።

ዐቢይ ጾም የሚገባው በአመድ ረቡዕ ነው። ቀኑ በየዓመቱ ይቀያየራል፣ ከየካቲት 4 እስከ መጋቢት 10 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ያን ቀን ልጁ ግንባሩ ላይ ጥቁር የአመድ መስቀል ይዞ ይመጣል። የቆሸሸ መስሏችሁ ወዲያው በእርጥብ ፎጣ አትፈግፍጉት፤ የኔው ልጅ ላይ አያቱ ያደረጉት ይሄንን ነው፣ ልጁ እስኪተኛ አለቀሰ። በጾሙ ደግሞ «ሥጋ አልበላም» ብሎ ሊነሣ ይችላል። ከሥጋ የመታቀብ ግዴታ የሚጀምረው በ14 ዓመት ነው፣ ምግብ የመቀነስ ጾሙ ደግሞ በ18። የአንደኛ ደረጃ ልጅ አይገደድም። ከፈለገ ከረሜላ ይተው፣ ያውም እሱ ራሱ ከመረጠ።

ሳንቲም የሚጠራቀምባት ትንሽ ሣጥንም ትመጣለች። ልጆች ለልጆች የሚረዱበት የሚስዮን ሥራ ነው፣ በ1843 አንድ የፈረንሳይ ጳጳስ የጀመሩት። ልጁ ከራሱ ኪስ ይጨምር፣ እናንተ አትሙሉለት።

መቁጠሪያ ከተሰጠው አንገት ላይ እንዳያንጠለጥለው። መጸለያ ነው፣ ጌጥ አይደለም፣ ደግሞም ሜዳ ላይ ይበጠሳል፣ ዶቃውን ስንለቅም ነው የምንውለው።

ሳታፍሩ የምትጠይቁት

ስለ ልጆች ጥበቃ ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ነው ብላችሁ አትለፉት። በልጆች ላይ የደረሰው በደል በብዙ አገሮች በፍርድ ቤትና በምርመራ ተረጋግጧል፤ ቫቲካንም በ2014 የልጆች ጥበቃ ኮሚሽን አቋቁማለች፣ በ2019 ጥቆማ እንዴት እንደሚቀርብ ሕግ አውጥታለች። ጥሩ ትምህርት ቤት ይህን ጥያቄ ሲሰማ አይቆጣም። የጽሑፍ መመሪያ አለ? አቤቱታ ለማን ነው የሚቀርበው? ኑዛዜ የሚደረገው ሌላ አዋቂ ከሩቅ ሊያየው በሚችል ቦታ ነው? ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ለብቻው በተዘጋ ክፍል ይቀመጣል? መልሱ ፈጣንና ግልጽ ከሆነ ደስ ይላል። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብቻ ከተባላችሁ ግን እንደገና ጠይቁ።

አዲስ አስተማሪ ከሆናችሁ

ለእናንተ አጭር ነው። የጸሎት ጠረጴዛውን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ መስቀል፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ እንደ ወቅቱ ቀለሙ የሚቀየር ጨርቅ። አረንጓዴ ለተራው ጊዜ፣ ሐምራዊ ለጾምና ለገና ዝግጅት፣ ነጭ ለገናና ለፋሲካ፣ ቀይ ለመንፈስ ቅዱስና ለሰማዕታት። ሻማው የባትሪ ይሁን፣ እመኑኝ። ጸሎት መሪነቱን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለልጆቹ በተራ ስጡ፣ ከመጀመሪያው ቀን ግን አይሁን። በመጀመሪያው ሰኞ ደግሞ «አባታችን ሆይ» ከመጀመራችሁ በፊት «እዚህ ክፍል እዚህ ቃል ላይ እናቆማለን፣ ቤታችሁ የሚቀጥል ካለ እሱም ትክክል ነው» በሉ። አሥር ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ያ ልጅ በመጨረሻ ምን ሆነ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው የትምህርት ቤት ቅዳሴ ደረሰ። ካህኑ መሀል ላይ ያለችውን ጸሎት ጨረሰ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ «መንግሥት ያንተ ናትና» አለ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፣ አፉን ከፍቶ፣ ከዚያ ከሁሉም በላይ ጮኾ ተቀላቀለ።